10ኛ ዙር ደርሼ ባዶው ቱቦም ባንድ አወጣ፦ የባክቴሪያ አፕታመር የሠራችሁ እርዱኝ

የሱሉልታ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ ሳልሞኔላን፣ በምግብ የሚተላለፈውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ ለይቶ የሚይዝ የዲኤንኤ አፕታመር ማውጣት ነው። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ያደግኩት ሱሉልታ ነው። ቤታችን ላሞች አሉ፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ወተት ታስረክባለች። ተቀባዩ የሚያየው ውሃ ተጨምሮበት እንደሆነና አልኮል ሲነካው ይቋጠር እንደሆነ ነው። ባክቴሪያ በዚህ አይታይም። እዚያው በር ላይ ቶሎ የሚናገር ነገር ቢኖር ብዬ ነው የገባሁበት።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አፕታመር ነጠላ ክር ዲኤንኤ ነው። ራሱ ላይ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹ ከአንድ ነገር ጋር ልክክ ካለ ይጣበቃል። ሥራው እንደ አንቲቦዲ ነው፤ ግን እንስሳ መከተብ አይፈልግም።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ላይብረሪዬ፣ ማለትም የምጀምርበት የብዙ ዓይነት ዲኤንኤ ድብልቅ፣ እያንዳንዱ ክር 80 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው፤ መሀሉ 40 የዘፈቀደ ቤዝ፣ ግራና ቀኙ ለፕራይመር (ማባዛቱን ለሚያስጀምረው አጭር ክር) 20፣ 20። ከ1 ናኖሞል ጀመርኩ። ሳልሞኔላውን ማታ ዘርቼ ጠዋት እሰበስባለሁ። በፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሦስቴ አጥባለሁ። ከዲኤንኤው ጋር አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሴንትሪፊዩጅ አድርጌ ያልተጣበቀውን እደፋለሁ፤ እዚያው ቱቦ ውስጥ ሁለቴ አጥባለሁ። ከዚያ 95 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሙቄ የተጣበቀውን አስለቅቃለሁ። በፒሲአር (በየሳይክሉ ዲኤንኤውን እጥፍ በሚያደርግ ዘዴ) አበዛዋለሁ፤ ሁልጊዜ 25 ሳይክል። በባዮቲን ፕራይመርና ባዮቲንን በሚይዝ የስትሬፕታቪዲን ቢድ (ጥቃቅን ኳስ) ሁለቱን ክር ለይቼ ወደ ቀጣዩ ዙር እሄዳለሁ።

እስከ 8ኛው ዙር ደስ ይል ነበር፤ ባንዱ፣ ማለትም ጄል ላይ የሚታየው የዲኤንኤው መስመር፣ በየዙሩ እየደመቀ መጣ። በ9ኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ኢ. ኮላይን፣ ሌላ የአንጀት ባክቴሪያ፣ ለማነጻጸር አስገባሁ። ዲኤንኤው እሱንም እኩል ያዘ። በ10ኛው ጓደኛዬ «ባክቴሪያ የሌለበት ቱቦስ?» አለችኝ። ሞከርኩት። ባዶው ቱቦም ባንድ አወጣ። ጄሉ ላይ ከ80 በላይ ደግሞ እንደ ጭስ የተዘረጋ ነገር አለ።

አማካሪዬ የመጨረሻውን ዙር ሲኩዌንስ አስደርጊ (የቤዞቹን ቅደም ተከተል አስነብቢ) ይላሉ። ገንዘቡ አንዴ ብቻ ነው የሚበቃው። የቀረኝ 5 ወር ነው። ልላከው ወይስ ልመለስ? ብመለስስ ከየትኛው ዙር? ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ አስቀምጫለሁ። ግን መብራት እየጠፋ ፍሪዘሩ ስንት ጊዜ ቀልጦ እንደቀዘቀዘ አልቆጠርኩትም።

ዳታ ወዳድ

እኔ ብሆን እልከዋለሁ። የአሁኑ ሲኩዌንሲንግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ንባብ ይሰጥሻል። በብዛት የተደጋገመውን ትመርጪያለሽ፣ የሚመሳሰሉትን በቤተሰብ ትከፋፍያለሽ፣ ከላይ 5ቱን አሠርተሽ ትሞክሪያለሽ። ቆሻሻው እዚያ ይለያል። 5 ወር አጭር ነው።

ነጠላ ክር

እህቴ፣ እባክሽ አትላኪው። ገና አትላኪው።

አውሮፓ ውስጥ ነው የምሠራው። ዶክትሬቴን የሠራሁት በዚሁ ነገር ላይ ነው፤ የኔ ባክቴሪያ ሌላ ነበር። ጽሑፍሽን ሳነብ ሁለተኛ ዓመቴ ትዝ አለኝ፤ ለዚህ ነው በሌሊት ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ከላይ የጻፈልሽ ወንድም ስለ ሲኩዌንሲንግ ያለው ልክ ነው። ግን በብዛት የተደጋገመ ማለት ሳልሞኔላን የያዘ ማለት አይደለም። ፕላስቲክ የወደደ ይደጋገማል። ፒሲአር ላይ ቶሎ የሚባዛ ይደጋገማል። የሞተ ሴል ውስጥ የገባም ይደጋገማል። ዲኤንኤው ያንቺን ሐሳብ አያውቅም። አንቺ ቱቦ ውስጥ ያስቀመጥሽውን ፈተና ያለፈ ሁሉ ይቀጥላል። ፈተናው «ከታጠበ በኋላ ቱቦው ውስጥ ቅር» ከሆነ፣ ቱቦው ውስጥ መቅረት የሚችል ሁሉ ያልፋል።

ይህ ዘዴ በ1990 ሲወጣ እንዲህ አልተወሳሰበም ነበር። ኮሎራዶ ቦልደር ላይ ክሬግ ተርክና ላሪ ጎልድ «ሴሌክስ» ብለው ሲጀምሩት የሞከሩት በአንድ የተጣራ ፕሮቲን ላይ ነው። ቦስተን ላይ ደግሞ አንድሪው ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ በዚያው ዓመት የማቅለሚያ ሞለኪውሎችን የሚይዝ አርኤንኤ አወጡ፤ «አፕታመር» የሚለው ስም የነሱ ነው፤ ከላቲን «መግጠም» ከሚል ቃል የመጣ። ሁለቱም የሚያዘው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንቺ ግን ሙሉ ባክቴሪያ ነው ያስገባሽው። ላዩ ላይ ስኳሩ አለ፣ ፕሮቲኑ አለ፣ ፍላጀለሙ (የመዋኛ ጅራቱ) አለ። ጥቅሙ የቱን መያዝ እንዳለብሽ አስቀድመሽ ማወቅ አለመፈለግሽ ነው። ጉዳቱም እሱ ነው፤ ምን እንደተያዘ አይነግርሽም።

የራሴን ልንገርሽ። 11 ዙር ሠራሁ። ሲኩዌንስ አደረግሁ። አንደኛ የወጣው አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከሲሶ በላይ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። አረንጓዴ ፍሎረሰንት ቀለም፣ ፋም የሚባለውን፣ አስለጥፌ አሠራሁት። አንድ ማክሰኞ ማታ ማይክሮስኮፕ ክፍሉን አጨልሜ ተቀመጥኩ። አረንጓዴውን ቻናል ከፈትኩ። ዘንግ ዘንግ የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ደምቀው አበሩ። ግን ጥቂት ናቸው። ቆጠርኩ፤ ከመቶ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሌሎቹ ድርግም ብለው ጨለማ ናቸው። በላዩ ላይ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ጨምሬ ነበር፤ ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ ብቻ ገብቶ ቀይ የሚያበራ ቀለም ነው። ቀዩን ቻናል ከፈትኩ። እነዚያው ዘንጎች ናቸው። በየቦታቸው፣ አንድ በአንድ። አረንጓዴ ያበራ ሁሉ ቀይ ያበራል። የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራዬ የሞቱ ሴሎችን የሚያጠራቅም ዲኤንኤ ነበር። ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ስለዚህ የማታው ዘር የመጀመሪያው ችግርሽ ይመስለኛል። ሌሊቱን ያደረ ባክቴሪያ ውስጥ የሞተው ይበዛል። ላዩም ይለወጣል፤ በማደግ ላይ ያለና የጠገበ ባክቴሪያ ላያቸው አንድ አይደለም። ጠዋት ከማታው ትንሽ ወስደሽ በአዲስ መረቅ ዝሪ። ኦዲ 600 (የመረቁ ድፍርስነት መለኪያ) ላይ 0.4 ወይም 0.5 ሲደርስ ሰብስቢ። ሴንትሪፊዩጁን አታስጩሂው፤ ቀስ ያለ ፍጥነት ይበቃል። አንዳንዶች የሞተ ሴልን ለአሉታዊ ማጣሪያ (የማይፈለገውን ዲኤንኤ ቀድሞ ለማስወገድ) ይጠቀማሉ፤ እኔ አልስማማም። የሞተውም ሳልሞኔላ ላዩ ላይ የምትፈልጊው ነገር አለበት። የሚበጀው ከመነሻው የሞተውን መቀነስ ነው።

ሁለተኛው ቱቦሽ ነው። ዲኤንኤ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል። ከመጨረሻው እጥበት በፊት ባክቴሪያውን አንስተሽ ወደ አዲስ ቱቦ አዛውሪው። በድሮው ቱቦ ግድግዳ ላይ የቀረው እዚያው ይቅር። ይህቺ ብቻ ብዙ ታጠራልሻለች። ዲኤንኤ የማይዝ ቱቦ ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ በየእጥበቱ ቀይሪ። ባዶ ቱቦውን ደግሞ ከአሁን ጀምሮ በየዙሩ ጎን ለጎን አስኪጂው። ባክቴሪያ የለበትም እንጂ ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት።

ሦስተኛው ባፈርሽ፣ ማለትም ፈሳሽሽ። ፒቢኤስ ብቻውን ማግኒዚየም የለውም። ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ የባክቴሪያውም ላይ በአብዛኛው ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። መሀል ገብቶ የሚያስታርቃቸው ማግኒዚየም ነው፤ ክሩም ተጣጥፎ እንዲቆም ይረዳዋል። ከ1 እስከ 5 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ጨምሪ። ከመቀላቀልሽ በፊት ዲኤንኤውን 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በረዶ ላይ 10 ደቂቃ አድርጊው፤ ቅርጹን ይይዛል። ዝም ብሎ የሚለጠፈውን ለመሻማት የሳልመን ስፐርም ዲኤንኤ ወይም የእርሾ ቲአርኤንኤ፣ ከቢኤስኤ ፕሮቲን ጋር አስገቢ።

አራተኛው ያ 25 ሳይክል። ጄሉ ላይ ያየሽው ጭስ ከዚያ የመጣ ነው። የዘፈቀደ ላይብረሪ እንደ ተራ ጂን አይደለም። ፕራይመሩ ሲያልቅ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ አንዱ ለሌላው ፕራይመር ይሆናል፤ ርዝመታቸው እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ በየዙሩ መጀመሪያ ትንሽ ሙከራ አድርጊ። በ6፣ በ8፣ በ10፣ በ12፣ በ14 ሳይክል ከቱቦው ጥቂት ጥቂት አውጥተሽ ጄል ላይ አሰልፊው። 80 ላይ ጥርት ያለ ባንድ ኖሮ ከላዩ ምንም የሌለበትን ሳይክል ምረጪ። ቀሪውን በሱ ብቻ አብዢ። አሰልቺ ነው፤ ግን አትለፊው።

ኢ. ኮላይን በ9ኛው ማስገባት በጣም ዘግይቷል። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ጀምሮ መሆን አለበት። መጀመሪያ ከኢ. ኮላይ ጋር አቆይተሽ ያልተጣበቀውን ውሰጂ፤ እሱን ነው ለሳልሞኔላ የምትሰጪው። ኢ. ኮላይ ብቻ አይበቃም። ሲትሮባክተርና ክሌብሲየላ ጨምሪበት። ወተት ነው ያልሽው፤ እንግዲያው ወተት የሚያረጉትን ላክቶባሲለሶችም አትርሺ።

በ1ኛው ዙር ግን ማጣሪያ አታብዢ። ለምን መሰለሽ? 40 የዘፈቀደ ቤዝ ማለት በሂሳብ ከ1 በኋላ 24 ዜሮ ያለው ዓይነት ብዛት ነው። በ1 ናኖሞል ውስጥ ያለሽ 600 ትሪሊዮን ገደማ ሞለኪውል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲኩዌንስ ባብዛኛው አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በ1ኛው ዙር የጠፋ እስከ መጨረሻው ጠፋ። በዚያ ዙር ለዘብ በይ፤ ባክቴሪያው ብዙ ይሁን፣ እጥበቱ ቀላል ይሁን። ኋላ ላይ ነው የምታጠብቂው። ባክቴሪያውን ቀንሺ፣ ሰዓቱን ወደ 20 ደቂቃ አውርጂ፣ እጥበቱን ጨምሪ።

ከየት ትመለሺ? 3ኛው ዙር ካለሽ ከ3ኛው። ጭሱ እዚያ ካልጀመረ ጥሩ ነው፤ ጄል ላይ እዪው። ስለ ፍሪዘሩ ብዙ አትጨነቂ። ዲኤንኤ እንደ አርኤንኤ ቶሎ አይበላሽም። በቲኢ ባፈር (የዲኤንኤ ማስቀመጫ ፈሳሽ) ከሆነ ያስቀመጥሽው ቀልጦ መቀዝቀዙን ይችለዋል። በንጹህ ውሃ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ትንሽ አብዝተሽ አስቀምጪ።

የምግብ ላብ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ከልብ ነው። እኔ አፕታመር አልሠራም። ግን 19 ዓመት የምግብ ናሙና ላይ ሳልሞኔላ ስፈልግ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር።

የምንሠራው በአይሶ 6579፣ በዓለም አቀፉ የሳልሞኔላ መመርመሪያ መስፈርት፣ ነው። 25 ግራም ናሙና ወስደን በፔፕቶን ውሃ አንድ ሌሊት እናሳድራለን። ከዚያ ወደ መምረጫ መረቅ እናዛውረዋለን፤ አንደኛው 41.5 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላ 24 ሰዓት። ከዚያ ኤክስኤልዲ በሚባል ማሳደጊያ ፕሌት ላይ እንዘራለን፤ ሌላ ቀን። ቀይ ሆኖ መሀሉ ጥቁር ኮሎኒ ስናይ ነው የምንጠረጥረው። ከዚያ ማረጋገጫው። እንዲህ እያለ ሳምንቱ ያልቃል። አንድ ጊዜ አምስተኛው ቀን ላይ ፕሌቱን ከፍቼ እነዚያን ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ስልክ ደወልኩ። ወተቱ በሦስት ቀን አልቋል አሉኝ። ስንት ልጅ እንደጠጣው ማንም አያውቅም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስለዚህ የምታመጪውን ነገር በጣም እንፈልገዋለን። ግን መስፈርቱን እወቂው። ሕጉ በ25 ግራም ውስጥ አንድም አይኑር ነው የሚለው። አንድ ሴል ማለት ነው። የትኛውም አፕታመር በአንድ ጠብታ ወተት ውስጥ የሌለን ሴል ሊያሳይ አይችልም፤ ሴሉ ጠብታዋ ውስጥ ላይኖር ይችላላ። በር ላይ ቶሎ የሚለውን ከጽሑፍሽ አውጪው፤ ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚያ ነው። የሚያዋጣሽ ከአንድ ሌሊቱ ማሳደጊያ በኋላ መግባት ነው። አፕታመሩን ማግኔቲክ ቢድ ላይ አስረሽ ሳልሞኔላውን ከመረቁ ውስጥ ብታወጪልን፣ ያን በፒሲአር ብናየው፣ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን እንወርዳለን። ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ሳልሞኔላ አንድ አይደለም፤ ከ2,500 በላይ ሴሮቫር (ንዑስ ዓይነት) አለው። የሚለያዩትም በላያቸው ባለው ነገር ነው፤ ያንቺ አፕታመር የሚይዘውም ላዩን ነው። በአንድ ስትሬይን (ዝርያ) ብቻ ከመረጥሽ ያንን ብቻ የሚይዝ ልታወጪ ትችያለሽ። ከወተትና ከሥጋ የተለዩ የተለያዩ አይሶሌቶች ሰብስቢ።

የሱሉልታ ልጅ

ጋሼ፣ ዶክተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን አትሜ ላብ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በር ላይ የሚለውን ከመግቢያዬ አውጥቼዋለሁ፤ ከባድ ነበር፤ እናቴን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።

የ3ኛው ዙር ጄል ላይ ንጹህ ነው። ጭሱ የጀመረው በ5ኛው ነው። በቲኢ ነው ያስቀመጥኩት። አማካሪዬንም አነጋገርኳቸው። የባዶ ቱቦውን ጄል ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩትና «ተመለሺ» አሉኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ እየተሻሻለ መሆኑን በምን ልወቅ? እኛ ጋ ፍሎው ሳይቶሜትር (ያበሩ ሴሎችን የሚቆጥር ማሽን) የለም። ሁለተኛ፣ የተለያዩ አይሶሌቶችን በአንድ ላይ ልቀላቅል ወይስ እያፈራረቅሁ?

ነጠላ ክር

ጎበዝ። ካላችሁ ሪልታይም ፒሲአር፣ ማባዛቱን በየሳይክሉ የሚያሳየው፣ ይበቃሻል። ከባክቴሪያው ላይ ያስለቀቅሽውን፣ ከኢ. ኮላዩ ያስለቀቅሽውን፣ ከባዶው ቱቦ የወጣውን ሦስቱን ጎን ለጎን አስኪጂ። በስንተኛው ሳይክል እንደሚነሱ ጻፊ፤ ቀድሞ የተነሳው ብዙ ዲኤንኤ ያለው ነው። ባንድ ደመቀ አልደመቀም አይደለም ነገሩ፤ በሦስቱ መሀል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ በየዙሩ እየሰፋ ከሄደ እየሠራሽ ነው። ካልሰፋ ቁሚና ምክንያቱን ፈልጊ፤ ዙር አትጨምሪ።

አይሶሌቶቹን አፈራርቂ። 4ኛው ዙር በአንዱ፣ 5ኛው በሌላው፣ 6ኛው በሦስተኛው። በሁሉም ላይ ያለውን የጋራ ነገር የሚይዝ ብቻ ነው ሁሉንም የሚያልፍ።

ሲኩዌንሲንጉንም የመጨረሻውን ዙር ብቻ አትላኪ። 3ኛውን፣ መካከለኛውንና መጨረሻውን በየራሳቸው ባርኮድ (መለያ) አድርገሽ በአንድ ላይ ላኪያቸው። ከዙር ዙር ማን እያደገ እንደመጣ ታያለሽ። የተመረጡትን ስታሠሪ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጋር ቤዞቹ ተበታትነው የተደረደሩ አንድ መቆጣጠሪያ አሠሪ፤ ቤዞቹ ያው፣ ቅደም ተከተሉ ሌላ። እሱም እኩል ከያዘ ቅርጹ አይደለም የያዘው ማለት ነው። ውድ ነው አትበዪ። ይህ መቆጣጠሪያ የሌለው ጽሑፍ ሳነብ አላምነውም።

የሱሉልታ ልጅ

ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ከ3ኛው ተነስቼ አሁን 7ኛው ላይ ነኝ። በ4ኛው ዙር ሳልሞኔላውና ባዶው ቱቦ በ2 ሳይክል ብቻ ይለያዩ ነበር። በ5ኛው በ3። በ6ኛው አልሰፋም፤ ቆሜ ፈለግሁ፤ ቱቦ መቀየር ረስቼ ነበር። ደገምኩት፤ 5 ሆነ። ትናንት ማታ በ7ኛው 8 ሳይክል ሆነ፤ በሂሳብ 250 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ኢ. ኮላዩ ከባዶው ቱቦ ብዙም አይርቅም። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጥበቃው ጋሼ ሊዘጉ መጥተው ነበር፤ ኩርባዎቹን አሳየኋቸው፤ ቆመው አዩልኝ።

ያልተፈታ አለ። ከሦስቱ አይሶሌቶች አንዱን፣ ከሥጋ የተገኘውን፣ በደንብ አይዝም፤ 3 ሳይክል ብቻ ነው ልዩነቱ። 8ኛውን ዙር በሱ ላይ ላደርገው ነው። እሑድ ሱሉልታ እሄዳለሁ፤ ከቤታችን ላሞች ትኩስ ወተት አምጥቼ ያለ ባክቴሪያ ምን ያህል እንደሚለጠፍበት አያለሁ። እናቴ ሁለት ሊትር ለይታ አስቀምጣልኛለች።